ማንቁርት ከወጣ በኋላ ድምፅ ሲታፈንና ምግብ አልወርድ ሲል

በዛሬው የጤና ዝግጅታችን ብዙ ቤተሰብ ስለማያውቀው፣ ባለማወቁም በሽተኛውን ስለሚያሳዝንበት አንድ ችግር እንነጋገራለን።

በካንሰር ምክንያት ማንቁርቱ በቀዶ ሕክምና የወጣለት አንድ አባት እናስብ። ቁስሉ ድኗል። ሰላምታ ሲቀርብለት ግን የሚመልሰው በእጁ ነው። ለመናገር ሲታገል አንገቱ ይገታተራል፤ ድምፁ ታንቆ ይቀራል። ልጆቹም «ልምምዱን ስለተወ ነው» ይላሉ። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

ለካንሰር ሲባል ማንቁርትን ሙሉ በሙሉ የማውጣት ቀዶ ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1873 በቪየና፣ በሐኪሙ ቴዎዶር ቢልሮት ነው። ማንቁርት ሲወጣ የአየር ቧንቧው በአንገት ፊት ለፊት ይከፈትና በሽተኛው በዚያ ቀዳዳ ይተነፍሳል። አዲስ ድምፅ የሚያገኘው አየርን ወደ ምግብ ቧንቧ አስገብቶ እንደማግሳት መልሶ በማውጣት፣ ወይም በአየርና በምግብ ቧንቧዎች መካከል በምትገባ ትንሽ ቫልቭ አማካይነት ነው። ይህችን የቫልቭ ዘዴ ሲንገርና ብሎም የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1980 አስተዋውቀዋታል። በሽተኛው ቀዳዳውን በጣቱ ሲደፍን የሳንባው አየር በቫልቩ አልፎ ወደ ላይ ይወጣል፤ የጉሮሮው ግድግዳ ይርገበገባል፤ ድምፅ ይሆናል።

ታዲያ በጉሮሮና በምግብ ቧንቧ መገናኛ ላይ ያለው ጡንቻ አየር ሲመጣበት መላላት ሲገባው ተኮማትሮ መንገዱን ይዘጋል። በሽተኛው አጥብቆ በገፋ ቁጥር እርሱም አጥብቆ ይይዛል። ይኸው ጡንቻ በመዋጥ ጊዜም ካልተላላ ምግብ አንገት ላይ ይቆማል።

ሆኖም ድምፅ የጠፋበት ወይም መዋጥ ያቃተው ሁሉ የጡንቻ መኮማተር አለበት ማለት አይደለም። የቀዶ ሕክምናው ወይም የጨረር ሕክምናው ጠባሳ መንገዱን አጥብቦት፣ ቫልቯ ተደፍና፣ ካንሰሩም ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ቫልቯንና ጉሮሮውን ይመረምራል፤ በሽተኛው ባሪየም የሚባል ነጭ ፈሳሽ ሲውጥ በራጅ ይመለከታል። አስፈላጊ ሲሆን ወደ ጡንቻው የሚሄዱትን ነርቮች በመርፌ ለጊዜው ያደነዝዛል። በዚያን ጊዜ ድምፁ ለቀቅ ብሎ ከወጣ ምክንያቱ የጡንቻው መኮማተር መሆኑ ይታወቃል።

ሕክምናው በቀላሉ ይጀመራል። የንግግር ባለሙያ በሽተኛው ሳይገፋ፣ በዝግታና በአጭር ቃል እንዲናገር ያለማምደዋል። ይህ ካልበቃ በጥቂት መጠን የቦቱሊነም መድኃኒት፣ በተለምዶ ቦቶክስ የሚባለው፣ በአንገት በኩል ጡንቻው ውስጥ ይወጋል። መድኃኒቱ ነርቭ ለጡንቻው የሚሰጠውን የመኮማተር ትእዛዝ ይገታል። ለውጡ በቀናት ውስጥ ይጀምርና ለወራት ይቆያል፤ አንዳንዱ በሽተኛ ድጋሚ ያስፈልገዋል፤ ሌላው በአንዱ ይበቃዋል። መርፌው ካልረዳ ጡንቻውን በቀዶ ሕክምና ሰንጥቆ ማላላት ይቻላል፤ ይህንንም አንዳንድ ሐኪሞች ማንቁርቱን ሲያወጡ አስቀድመው ያደርጉታል። መንገዱን በመሣሪያ ማስፋት ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ለጠባሳ ጥበት ነው።

እስከዚያው በባትሪ የሚሠራና አንገት ላይ ተደግፎ የሚነዝር የንግግር መሣሪያ መጠቀም ይቻላል። እርሱ አየር ከጉሮሮ እንዲወጣ ስለማይጠብቅ ጡንቻው ቢኮማተርም ይሠራል።

ቤተሰብ ሆይ! «ጠንከር አድርገህ ተናገር» ማለት ጡንቻውን ያብሳል እንጂ አይረዳም። ታግሠን እንስማው፤ ቃሉን ከአፉ አንንጠቀው። ምግቡን አለስልሰን፣ በትንሽ በትንሹ፣ ከውኃ ጋር እናቅርብ። መዋጥ ከቀን ወደ ቀን ከከበደው፣ ከከሳ፣ ደም ከታየ ወይም አንገቱ ላይ እብጠት ከወጣ ቀጠሮ ሳንጠብቅ ወደ ሐኪም እንውሰደው። ምራቁን እንኳ መዋጥ ካቃተው ጊዜ የሚሰጥ አይደለም።

ዝም ያለ ሰው ሁሉ መናገር የጠላ አይደለምና፣ ዝምታውን ለሐኪም እናሳይለት። አላህ ለበሽተኞቻችን ሺፋእ ይስጥልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።