ሁለት ዛፍ የወጣው ቤት

አበው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሁለት ሥራ እንዲሠራ የታዘዘ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም አጓድሎ ይገኛል። ዛሬ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ምሳሌ የተፈታተነውን የአንድ ጀርመናዊ ተማሪ ሥራ ልናጫውትዎ ነው።

ካራቫን ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የግመል ጓዝና የሲራራ ነጋዴ ነበር። ኋላ ግን ስሙ እየተጎተተ ለሚሄድ የመንገደኛ ቤት ተሰጠ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ጎርደን ስቴብልስ የተባሉ ስኮትላንዳዊ ሐኪምና ደራሲ ለሽርሽር ያሠሩት ጋሪ ቤት ሁለት ቶን ያህል ይመዝን ነበርና በሁለት ፈረስ ይጎተት ነበር። በ1931 ደግሞ ከጅራፍ ሠሪዎች ቤት የተወለደው ጀርመናዊ አሪስት ዴትሌፍስ፣ ለንግድ ሲዞር ከሚወዳት ሠዓሊ እንዳይለይ ብሎ በመኪና የሚጎተት ቤት ሠራ። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ መንገዶች ላይ የተጎታች ቤት ዘር በዛ።

ሆኖም ይህ ሁሉ ቤት ሐይቅ ዳር ሲደርስ ይቆማል። ባለቤቱ ጀልባ ቢያምረው መከራየት አለበት፤ የራሱ ጀልባ ቢኖረውም እንኳ መኪናው የሚጎትተው ቤቱን ነውና ጀልባው እቤት ይቀራል።

በሰሜን ጀርመን በባልቲክ ባሕር ዳር ባለችው በኪል ከተማ፣ በሙቴዚዩስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የኢንዱስትሪ ዕቃዎችን ንድፍ ያጠና የነበረው ዳኒኤል ሽትራውብ ለመመረቂያው ሥራ ይህንኑ ችግር መረጠ። ቤቱ ራሱ ጀልባ ቢሆንስ? አለ። የሥራውንም ስም ሲላንደር አለው።

አሁን ችግሩን አብረውን ይመልከቱ። የተለመደው ተጎታች ቤት በአጥንት ላይ እየተገጣጠመ የሚሠራ ስለ ሆነ መጋጠሚያው ብዙ ነው፤ ዝናብ እንኳ ሾልኮ ይገባበታል። ውሃ ውስጥ ቢገባ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ሽትራውብ አካሉን እንደ ጀልባ ከመስታወት ጭረትና ከሙጫ ወጥ አድርጎ ሠራው። ጎማዎቹ አይወልቁም፤ ቤቱ ከነጎማው ወደ ውሃ ይገባል፣ ከመኪናውም ይፈታል፣ በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተርም ይሄዳል።

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። በጀርመን የመንገድ ሕግ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ የማይበልጥ ተጎታች የራሱ ፍሬን እንዲኖረው አይገደድም፤ ተራ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰውም በትንሽ መኪና ይጎትተዋል። ውሃም የራሱ ሕግ አለው፤ 750 ኪሎ የሚመዝን ነገር ለመንሳፈፍ 750 ሊትር ውሃ መግፋት አለበት። ከበደ ማለት ወደ ታች ሰመጠ ማለት ነው።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። መንገዱም ውሃውም ከቤቱ የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ ቀላል ሁን፣ ውሃም አታስገባ። ለጀልባነቱ የሚበጀው ለተጎታችነቱም በጀ። ሁለቱ ዛፎች ከሥር አንድ ግንድ ኖሯቸዋል፤ የተማሪው ብልኃት ግንዱን ማየቱ ነው።

ይህ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ቤቱ ጠባብ ነው። የሚያሳድረው ሁለት ሰው ሲሆን፣ የቀን መቀመጫው ለሌሊት አልጋ ይሆናል። ጣራው ስለሚከፈት ተኝተው ሰማይ ያያሉ፤ ሰፊ ማድ ቤትና ቁም ሳጥን ግን አይጠብቁ። የሚስማማውም ለረጋ ሐይቅና ለዝግተኛ ወንዝ እንጂ ለባሕር ማዕበል አይደለም።

የብዙ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ ማርክ ከተሰጠው በኋላ አቧራ ይለብሳል። የሽትራውብ ሥራ ግን በ2011 እዚያው ኪል ውስጥ ድርጅት ተቋቁሞለት ለገበያ ቀረበ።

እንግዲህ ልጅዎ ወይም የጎረቤትዎ ልጅ አንድ ቀን እንግዳ ንድፍ ይዞ ቢመጣ፣ «እንዲህ ያለ ነገር የት አይተህ?» ብለው አይመልሱት። ይልቅስ ሦስት ነገር ይጠይቁት፤ ስንት ይመዝናል? በየት በኩል ይፈርሳል? ይህን ለማግኘትስ ምን ተውክ? ለሦስቱም መልስ ካለው ወንበር ስበው ያስቀምጡትና ወረቀቱን ይዘርጋው።