አረንጓዴነት በቆጣሪ ይለካ

የስዊዘርላንዱን ፖለቲከኛ የዳንኤል ብሬላዝን ስም የሚያነሳ ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ላይ ወደ አንድ አገር ብሔራዊ ምክር ቤት የገባ የመጀመሪያው አረንጓዴ ተመራጭ ነው ይላል። እውነት ነው። የጀርመን አረንጓዴዎች በዚያን ጊዜ አገር አቀፍ ፓርቲ እንኳ አልመሠረቱም፤ ቡንደስታግ የገቡት በ1983 ነው። ጋዜጦቹ ደግሞ በዚህ ላይ የድመት ሥዕል ያለባቸውን ከረባቶቹን ጨምረው ታሪኩን ይዘጋሉ። ሰውየውን ያከበሩት ይመስላቸዋል፤ ሥራውን ግን ሸፍነውበታል። ከዚህም የባሰው፣ የአካባቢ ጥበቃ ፖለቲካ ማለት ምክር ቤት ገብቶ ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገር ነው የሚለውን አስተሳሰብ ማጽናታቸው ነው። ይህ አስተሳሰብ ጎጂ ነው፤ የብሬላዝም ሕይወት ራሱ ይመሰክርበታል።

ብሬላዝ በ1950 ሎዛን ተወለደ፤ በዚያው ከተማ በፌዴራሉ የቴክኖሎጂ ተቋም ሒሳብ ተማረ። ምክር ቤት በገባበት በ1979 ዛሬም በኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት የሚሰጥ ስሌት አሳትሟል። ጥያቄው የተገናኙ ነጥቦችን ተመሳሳይ ቀለም ሳይሰጡ በጥቂት ቀለማት እንዴት መለየት ይቻላል የሚል ነው። የእርሱ መልስ፣ ጎረቤቶቹ ብዙ ዓይነት ቀለም ስለያዙበት ምርጫው ከሁሉ የጠበበውን ነጥብ አስቀድመህ ቀባ የሚል ነው። በፖለቲካውም ኋላ ላይ የያዘው እንዲሁ ምርጫ የሚጠብበትን ቦታ ነበር።

ለመሆኑ ከ200 ወንበር አንዷን የያዘ ሰው ምን ሊለውጥ ይችላል? የዚያን ዘመን ትልቁ ክርክር ኒውክሌር ነበር። ከሎዛን ብዙ በማይርቀው በሉሳንስ የሙከራ ማብላያ በ1969 አደጋ ደርሶበታል፤ በ1975 ደግሞ በካይዘርአውግስት ሊሠራ የታቀደውን ጣቢያ ለመከልከል ሰዎች ቦታው ላይ ሰፍረው ነበር። የካይዘርአውግስት ዕቅድ በ1988 ሲሰረዝ፣ በ1990ም የአዳዲስ ጣቢያዎች ግንባታ ለ10 ዓመት እንዲቆም ሲወሰን፣ ኃይሉ የመጣው ከነዋሪዎች፣ ከቼርኖቢል ድንጋጤና ከሕዝበ ውሳኔ ነው። የአንድ አረንጓዴ ተመራጭ ንግግር አስፈላጊ ነበር እንበል፤ ወሳኝ ግን አልነበረም።

ብሬላዝ ይህን የተረዳ ይመስለኛል። በ1989 የብሔራዊ ምክር ቤት ወንበሩን ትቶ ወደ ሎዛን ከተማ አስተዳደር ገባ፤ የተረከበውም የከተማዋን የኢንዱስትሪ አገልግሎቶች መሥሪያ ቤት ነው። ይህ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍል፣ ከአንድ ማዕከል የሚወጣ ሙቀትን በቧንቧ ወደ ቤቶች የሚያደርስ፣ ጋዝም የሚሸጥ ተቋም ነው። አረንጓዴ ፖለቲከኛ ጋዝ ሻጭ ሆነ! ንጽሕናን ከሁሉ የሚያስቀድሙ ወገኖች እንዲህ ያለውን ሹመት መርከስ ይሉታል። እኔ ደግሞ የኃላፊነት መጀመሪያ እለዋለሁ። የጋዝ ፍጆታ እንዲቀንስ የሚፈልግ ሰው ጋዙ በሚሸጥበት ቢሮ ካልተቀመጠ፣ ቢሮውን የሚይዘው ሽያጩ እንዲጨምር የሚፈልግ ሌላ ሰው ነው። ብሬላዝ እስከ 2001 እዚያ ቆየ፤ ከዚያም እስከ 2016 ከንቲባ ሆነ።

በዚያ ዘመን የተሠራውን የሜትሮ መስመር ተመልከቱ። ኤም 2 የሚባለው ባቡር ከሐይቁ ዳር ከኡሺ ተነሥቶ 5.9 ኪሎ ሜትር ወደ ኤፓሌንዥ ይወጣል፤ 14 ጣቢያ አለው፣ ሾፌር የለውም፣ ዳገቱ በአንዳንድ ቦታ 12 በመቶ ይደርሳል። በ2002 የካንቶኑ ሕዝብ በድምፅ አጸደቀው። በፌብሩዋሪ 2005 በሳን ሎራን አደባባይ ሥር መሬቱ ተናደ፤ አፈርና ውኃ ዋሻው ውስጥ ገባ። ሥራው ግን ቀጠለ፤ በ2008 ባቡሩ ሰው መጫን ጀመረ። በከተማው አስተዳደር የግንባታ ሥራዎች ክፍል ኃላፊ የቀኝ ክንፉ ፖለቲከኛ ኦሊቪዬ ፍራንሴ ነበር። ሎዛንን የሚመሩት ሰባት ሰዎች አብረው የወሰኑትን አብረው ይሟገቱለታል፤ ከንቲባውም ከሰባቱ አንዱ ነው። ከተቃራኒ ወገን ጋር እንዲህ መሥራት የማይችል አረንጓዴ ዋሻ አያስቆፍርም።

በሎዛን የምትኖሩ አንባቢዎች ደግሞ ከ2013 ጀምሮ የመጣውን የቆሻሻ ከረጢት ታውቁታላችሁ፤ ሲጀመር ባለ 35 ሊትሩ 2 ፍራንክ ነበር። ብዙ የጣለ ብዙ ይከፍላል። ማንም አልወደደውም። ሆኖም በየወጥ ቤቱ የሚጣለውን ከሚለየው ጋር አመዛዝኖ እንዲያስብ ያደረገው ይህ ከረጢት ነው፤ የትኛውም የምክር ቤት ንግግር ይህን አያደርግም።

ብሬላዝ አልተሳሳተም አልልም። ታኡዋ የተባለው የረጅም ፎቅ ዕቅድ በ2014 በሕዝበ ውሳኔ ሲወድቅ፣ ከተማዋን ወደ ላይ ማሳደግ መሬት ይቆጥባል የሚለው ክርክር ነዋሪውን አላሳመነም፤ አስተዳደሩም የሰፈሩን ሰው በጊዜ አላዳመጠም ብዬ አምናለሁ። የሥልጣን አደጋ ይህ ነው፤ ልክ ነኝ ብሎ የሚያምን ሹም ማስረዳት ይሰለቸዋል። መድኃኒቱ ግን ወደ ጩኸት መመለስ አይደለም።

ይህን በአገር አቀፍ ደረጃም አይተነዋል። የስዊዘርላንድ አረንጓዴዎች በ2019 በታሪካቸው ትልቁን ድል አግኝተው 28 ወንበር ያዙ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በጁን 2021፣ ነዳጅ ላይ የሚጣለውን ክፍያ ከፍ ያደርግ የነበረውን የካርቦን ሕግ 51.6 በመቶ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ ጣለው። በጁን 2023 ሌላ የአየር ንብረት ሕግ ቀረበ። ይኸኛው አሮጌ የነዳጅና የጋዝ ማሞቂያ ለሚቀይር በ10 ዓመት 2 ቢሊዮን ፍራንክ ይመድባል፤ 59.1 በመቶ ደገፈው። ሁለተኛው ሕግ ሰውን ያነጋገረው ምድር ቤት ስላለው ማሞቂያ ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር አረንጓዴዎቹ ወደ 23 ወንበር ወረዱ፤ ሕጉ ግን በቦታው አለ።

ስለዚህ በአካባቢ ጥበቃ ስም ድምፃችሁን የሚጠይቅ ዕጩ ሲመጣ፣ ስንት ሰልፍ እንደወጣ አትጠይቁት። የመብራቱን፣ የቆሻሻውን ወይስ የትራንስፖርቱን መሥሪያ ቤት ለመረከብ ፈቃደኛ እንደሆነ፣ በተረከበም በመጀመሪያው ዓመት በየቤታችን ሒሳብ ላይ ምን እንደሚለውጥ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ድምፃችሁን ለሌላ ስጡ።