ለጫጩት የሚስማማ ሙቀት

ከደመወዝዎ ቈጥበው ጥቂት ጫጩቶች በካርቶን ገዝተው ልደታ ወደሚገኘው ቤትዎ የገቡ እንደ ሆነ፥ አስቀድሞ የሚያሳስብዎ የሚበሉት ነገር ይሆናል። ነገር ግን ገና የተፈለፈለ ጫጩት ከእንቁላሉ የተረፈ አስኳል በሆዱ ስላለ አንድ ሁለት ቀን ያለ ምግብ ሊቆይ ይችላል፤ ብርድ የመታው እንደ ሆነ ግን ሌሊቱን ማለፍ ይቸግረዋል።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ትልቅ ዶሮ የገላዋን ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ አድርጋ ትጠብቃለች። ጫጩት ግን ላባ እስኪያበቅል ድረስ ይህን ማድረግ አይችልምና በእናቱ ክንፍ ሥር ይሞቃል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስፈልገው ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀነስለታል። በአዲስ አበባ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። እንግዲህ የእናቲቱን ሥራ የሚሠሩት እርስዎ ነዎት ማለት ነው።

አምፖል ቢያበሩላቸው በሳጥኑ አንድ ወገን ብቻ ይስቀሉት፤ የሞቀው ይሸሽ ዘንድ፥ የበረደውም ይጠጋ ዘንድ ነው። የዛሬዎቹ ኃይል ቈጣቢ አምፖሎች ብርሃን እንጂ በቂ ሙቀት እንደማይሰጡ አይርሱ። አምፖሉም ካርቶኑን ወይም ጨርቁን እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ እሳት ያስነሣልና።

ቴርሞሜትር ባይኖርዎ ጫጩቶቹን ራሳቸውን ይመልከቱ። እየጮኹ አንዱ በአንዱ ላይ ቢከመሩ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ርቀው፥ ክንፋቸውን ዘርግተው፥ አፋቸውን ከፍተው ቢያለከልኩ ሞቋቸዋል። ተበታትነው ቢጭሩና ቢተኙ ግን ተስማምቷቸዋል።

መብራት ቢጠፋስ? ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የከሰል ምድጃ ወደ ክፍሉ ያስገባል። ይህን ፈጽሞ አያድርጉ! ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም መልክም የለውም፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ጫጩቶቹን ብቻ ሳይሆን የተኙትን ልጆችዎንና እርስዎን ጭምር ይገድላል። በዚህ ፈንታ የፈላ ውሃ በጠርሙስ ሞልተው፥ በጨርቅ ጠቅልለው በመካከላቸው ያኑሩ፤ ሲቀዘቅዝም ይለውጡ።

ጫጩቶቹ ብዙ የሆኑ እንደ ሆነ ደግሞ የግብርና ባለሙያዎች ለአገራችን ገበሬዎች ያስተማሩት የገለባ ሳጥን አለ። ትንሹን ሳጥን በትልቁ ውስጥ አስገብተው፥ በመካከሉ የቀረውን ክፍት ቦታ በደረቅ የጤፍ ጭድ ይጠቀጥቃሉ፤ ከላይም ጭድ የተሞላ ጆንያ ይከድናሉ፤ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ግን ይተዋሉ። በዚህ ሳጥን ጫጩቶቹ የሚሞቁት በገዛ ገላቸው ሙቀት ነው፤ ጭዱ ሙቀቱ እንዳይወጣ ይከለክላልና። የኤሌክትሪክ ሒሳብም ሆነ የከሰል ዋጋ አይጠይቅም።

እንግዲህ ጫጩቶቹን ከመግዛትዎ በፊት ሳጥኑን ያዘጋጁ።