ስልኩ ያወራል፣ ሞግዚቷ ዝም ትላለች

አዲስ አበባ ውስጥ ደህና ገቢ ባለው ቤት አንድ ልማድ እየጸና መጥቷል። የስድስት ወር ሕፃን ፊት ስልክ ይደገፍና የእንግሊዝኛ መዝሙር ይከፈትለታል። ከገጠር የመጣችው ሞግዚት ደግሞ ከማብላትና ከማጠብ አልፋ ብዙ እንዳታወራው በዘዴ ይነገራታል፤ «አነጋገሯን እንዳይዝ» ተብሎ። ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆነችማ «ልጁ ይደናገራል» ይታከልበታል። ወላጆቹ ክፋት የላቸውም፣ ልጃቸው ነገ የሚጠየቀውን እንግሊዝኛ ዛሬ ያስጀመሩት መስሏቸው ነው። የሕፃን አንጎል ግን ቋንቋ የሚይዘው እንዲህ አይደለም።

ሕፃን አፉን ከመፍታቱ በፊት ብዙ ሥራ ሠርቷል። በ1971 (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ፒተር አይማስና ባልደረቦቹ የአንድ ወር ሕፃናት የጎማ ጡት የሚጠቡበትን ፍጥነት እየለኩ፣ «ባ»ን ከ«ፓ» እንደሚለዩ አሳዩ። ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ በ1984 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ለአማርኛ ጆሮ ይቀርባል። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ካናዳ ውስጥ የሚነገር አንድ የነባር ሕዝብ ቋንቋ የእኛን «ቀ» የሚመስሉ ሁለት ድምፆች አሉት፤ አንደኛው ከሌላው ወደ ጉሮሮ ጠለቅ ብሎ ይወጣል። ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤት የመጡ ሕፃናት ከስድስት እስከ ስምንት ወራቸው ድረስ ልዩነቱን ለዩ። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ወር የሆናቸው ግን አብዛኞቹ አልቻሉም። ያንን ቋንቋ እየሰሙ ያደጉት በዚያው ዕድሜ አልጠፋባቸውም። አንጎል በእነዚህ ወራት ዙሪያውን ለሚነገረው ጆሮውን እየሳለ፣ የማይሰማውን እየተወ ይሄዳል።

«እንግዲያው እንግሊዝኛውን በስድስት ወር ማስጀመሬ ልክ ነዋ!» የሚል ወላጅ አይጠፋም። መልሱ ሲያትል ውስጥ ተገኝቷል። ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ በ2003 ባሳተሙት ሙከራ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን ከማንዳሪን ቻይንኛ ተናጋሪዎች ጋር አገናኙ። ተናጋሪዎቹ ከሕፃናቱ ጋር ወለል ላይ ተቀምጠው መጽሐፍ አነበቡላቸው፣ በመጫወቻ አጫወቷቸው፤ 12 ጊዜ፣ በየጊዜው 25 ደቂቃ፣ በድምሩ አምስት ሰዓት ብቻ። ሕፃናቱ የማንዳሪንን ድምፆች ታይዋን ከሚያድጉ እኩዮቻቸው ባልተናነሰ ለዩ። ሌሎች ሕፃናት እነዚያኑ ሰዎች፣ ያንኑ ንግግር፣ ለዚያው ያህል ጊዜ በቴሌቪዥን አዩ፤ ድምፁን ብቻ የሰሙም ነበሩ። እነዚህ ማንዳሪን ጨርሶ ካልሰሙት በምንም አልተሻሉም።

ሰው ሕፃኑ ወዳየበት ያያል፣ ድምፅ ሲያሰማ ቆም ብሎ ይመልስለታል፣ ሲሰለቸው ያውቅለታል። መዝሙሩ ግን ሕፃኑ ቢያለቅስም ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን እንዳይሰጥ መክሯል፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ከ18 ወር በታች ላሉት እንዲሁ ሲመክር የቪዲዮ ጥሪን ለይቶ ትቶታል። ከጎንደር አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ደውለው የልጅ ልጃቸውን የሚያጫውቱ አያት ስልክ ውስጥ ቢሆኑም ይመልሳሉ።

«የእኔ ልጅ እኮ በሁለት ዓመቱ ቀለማቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ይጠራል» የሚሉም አሉ። ይጥራ። «ቀዩን ኳስ ለማን ሰጠኸው?» ብላችሁ በፈለጋችሁት ቋንቋ ጠይቁትና መልሱን ስሙ።

አሁን ወደ ሞግዚቷ እንመለስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ዕረፍት 90 ቀን ነው። ስለዚህ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ያለው ጊዜ፣ ጆሮ የሚሳልበት ጊዜ፣ ለብዙ የከተማ ሕፃን በሞግዚት እጅ ያልፋል። እሷን ዝም ማሰኘት ልጁ ቀኑን ሙሉ ያለውን ብቸኛ መምህር ማባረር ነው። መደናገር የሚሉትም ማስረጃ የለውም፦ በ2010 የታተመ የቫንኩቨር ጥናት እንዳሳየው፣ እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ የፊሊፒንሱን ታጋሎግና እንግሊዝኛ ይናገሩ የነበሩ አራስ ሕፃናት ሁለቱንም ይወዳሉ፣ አንዱን ከሌላውም ይለያሉ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሰበብ አነጋገሯ ነው፤ እሱ ደግሞ ለልጅ ከማሰብ ይልቅ ለንቀት ይቀርባል። የወሎ ወይም የጅማ ቅላጼ ልጁ ላይ ይቀራል ብለው የሚፈሩ ወላጆች፣ ማታ ከሥራ ሲመለሱ የራሳቸውንም ስልክ አስቀምጠው ራሳቸው ያውሩት።