የሒሳብ ፕሮግራም ማወቅ ማለት ምን ማለት ነው?



እንደሚታወቀው በአማንና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ሁለት ወገን ነን። አንደኛው ወገን በነፃ የትምህርት ዕድል መጥተን በዩኒቨርሲቲ የምንማር ጥቂቶች ስንሆን፣ ሁለተኛውና እጅግ የሚበዛው ግን በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን ናቸው። ሁለቱን ወገኖች ከሚያገናኙት ነገሮች አንዱ የመረዳጃ ማኅበራችን ነው። የታመመ ይታከምበታል፣ ሥራ ያጣች ትሰነብትበታለች፣ የሞተ ወገን አስከሬን ለአገሩ አፈር ይበቃበታል። ከዚህም በላይ ብዙ እህቶች ወደ አገር ሲመለሱ የሚይዙትን ጥሪት በየወሩ በማኅበሩ ዘንድ ያስቀምጣሉ።

ገንዘቡን የሚያዋጡት በብዛት እነሱ ናቸው፤ መዝገቡን የምንይዘው ግን እኛ ነን። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኮምፒዩተር ያለን፣ እንግሊዝኛ የምናነብ፣ በአጭሩ «የተማርን» የምንባለው እኛ ነን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «የተማርን» የሚለው ቃል በሥራ ሲፈተን ምን ያህል ባዶ ሆኖ እንደተገኘ መግለጽና ከዚህ በኋላ ምን መደረግ እንዳለበት የበኩላችንን አስተያየት ማቅረብ ነው።

ቀደም ሲል የማኅበሩ ሒሳብ የሚያዘው በደብተር ነበር። ደብተሩን የምትይዘው ገንዘብ ያዥ እህታችን ለእያንዳንዷ አባል አንድ ገጽ ሰጥታ፣ ገቢውን በአንድ በኩል፣ ወጪውን በሌላ በኩል እየጻፈች፣ በካርቦን ደረሰኝ እየቆረጠች ትሠራ ነበር። እኛ ሦስት የሕክምና ተማሪዎች ግን «በዚህ ዘመን ደብተር!» ብለን ሥራውን ተረከብን። አንድ የሒሳብ ፕሮግራም ኮምፒዩተራችን ላይ ጫንን፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቪዲዮ እያየን አጠቃቀሙን «ተማርን»። የትኛው ቁልፍ ተጭኖ የትኛው መስኮት እንደሚከፈት አወቅን። ሪፖርቱ በተዋበ ሰንጠረዥ ታትሞ ሲወጣ የተመለከተ ሁሉ አደነቀን።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ አገሯ ለመመለስ የተዘጋጀች አንዲት እህት ተቀማጭዋን ጠየቀች። ሪፖርቱን አትመን ሰጠናት። እሷ ከምታስበው 45 ዲናር ጎድሎ ተገኘ። «ኮምፒዩተሩ የሚለው ይኸንን ነው» አልናት። ይህን አባባላችንን ዛሬ ስናስታውሰው እናፍራለን። እርሷ ግን ምንም ሳትናገር ከቦርሳዋ የ15 ዲናር ሦስት ደረሰኞች አወጣች። የቀድሞዋ ገንዘብ ያዥ ተጠርታ መጣች፤ ደረሰኞቹን ከእኛ ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ አመሳከረች፤ ግማሽ ሰዓትም ሳይሞላ ጥፋቱን አገኘችው። ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት አባላት ነበሩን። ፕሮግራሙ የስሙን መነሻ ፊደላት ስንጽፍለት ቀሪውን ራሱ ያሟላል፤ እኛም ሳናጣራ አጸደቅን። የአንዷ የሦስት ወር ተቀማጭ በሌላዋ ስም ገብቶ ኖሯል።

ከዚህ ላይ አንባቢ በጥሞና እንዲመለከተው የምንፈልገው ነገር አለ። የፕሮግራሙ የሒሳብ ሚዛን ያን ጊዜ ሁሉ ትክክል ነበር። ዴቢቱና ክሬዲቱ እስከ መጨረሻዋ ፊልስ እኩል ነበሩ። እንዴት ቢባል፣ አንዲት እህት 15 ዲናር ስትሰጥ ሁለት ነገር ይጻፋል። በአንድ በኩል የማኅበሩ ጥሬ ገንዘብ በ15 ይጨምራል፤ በሌላ በኩል ማኅበሩ ለዚያች እህት ያለበት ዕዳ በ15 ይጨምራል። ዕዳው በሌላ እህት ስም ቢጻፍም 15 ያው 15 ነው። የባንኩም ሒሳብ ይታረቃል፣ ድምሩም ይገጥማል፣ የሰው ላብ ግን ሌላ ሰው ዘንድ ያድራል። የሚዛን መስተካከል ቁጥሮቹ ሁለት ጊዜ መጻፋቸውን ያሳይ እንደሆነ እንጂ በትክክለኛው ቦታ መጻፋቸውን አያረጋግጥም። በሆስፒታልም እንዲሁ ነው። የደም ምርመራው መሣሪያ የቱንም ያህል ፍጹም ቢሆን ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው ስም የሌላ በሽተኛ ከሆነ ውጤቱ «ትክክል» ሆኖ ሰው ይጎዳል። ይህንን በሙያችን በየቀኑ እየተማርን በገንዘብ ላይ መርሳታችን ነው ጥፋታችን።

ሌላም ነበር። የዮርዳኖስ ዲናር 1,000 ፊልስ ነው። ስለዚህ የአገሩ ሒሳብ ከነጥብ በኋላ ሦስት አኃዝ ይፈልጋል። እኛ ግን ብርና ዶላርን ብቻ በማሰብ ፕሮግራሙን በሁለት አኃዝ አዘጋጅተነው ነበር። 12 ዲናር ከ375 ፊልስ የነበረው 12.38 እየሆነ፣ ልዩነቱ በየጊዜው አምስት አምስት ፊልስ እየተጠራቀመ ከባንኩ ወረቀት ጋር የማይታረቅ ሒሳብ ፈጠረ። ይህን የመሰለውን ቅንብር የሚወስነው መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ማሽኑ የተነገረውን ብቻ ይፈጽማል።

እንግዲህ የሒሳብ ፕሮግራም ማወቅ ማለት ምን ማለት ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነገሩ ከየት እንደመጣ ባጭሩ ማየት ይጠቅማል። ሁለቴ የመመዝገብ ዘዴ የኮምፒዩተር ልጅ አይደለም። የጣሊያን ነጋዴዎች ሲሠሩበት የኖሩትን ዘዴ ፍራ ሉካ ፓቺዮሊ የተባለው መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ አብራርቶ ጻፈው። እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ የቀረበው ቪዚካልክ የተባለው የመጀመሪያው የግል ኮምፒዩተር የሒሳብ ሰንጠረዥ ደግሞ የተጸነሰው በአንድ የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ፣ በዳን ብሪክሊን፣ አእምሮ ነው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ቁጥር ሲለወጥ የቀሩት ሁሉ እየጠፉ እንደገና መጻፋቸው ነው ሐሳቡን የሰጠው። ኮምፒዩተር ያቀለለው ድካሙን ነው። በ1494 የነበረው ጥያቄ፣ ማለትም «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ? ወዴትስ ሄደ?» የሚለው ዛሬም ለሰው የተተወ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በአዲስ አበባ «ፒችትሪ» የማያውቅ የሒሳብ ተመራቂ የለም። በአትላንታ ከተማ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የተፈጠረው ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2012 ስሙ ተለውጦ «ሴጅ 50» ቢባልም፣ በእኛ ዘንድ እስከ ዛሬ በቀድሞ ስሙ ይጠራል። በሥራ ማስታወቂያ ላይ «ፒችትሪ የሚችል» የሚለው ሐረግ እየተደጋገመ በመምጣቱ የአጭር ጊዜ ሥልጠና የሚሰጡ ቤቶች በረከቱ። እኛ ሥልጠናውን አንቃወምም። እንጀራ የሚያስገኝ ዕውቀት ነው። የምንቃወመው ሠልጣኙ የሽያጭ መስኮት ከፍቶ ቁጥር መሙላትን ተምሮ፣ ያ ቁጥር የትኛውን የሒሳብ መደብ እንደሚነካ ሳያውቅ የምስክር ወረቀት ይዞ መውጣቱን ነው። የአገራችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ጳጉሜን የምትባል አሥራ ሦስተኛ ወርም አለችን። ጳጉሜን ከየትኛው ወር ጋር ትቆጠር? 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ገቢ ነው ወይስ ለመንግሥት የሚከፈል ዕዳ? ሠራተኛው ከደሞዙ የሚያዋጣው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ በየትኛው መደብ ይግባ? እነዚህን የሚመልስ ሰው ፕሮግራሙ ነገ ቢለወጥ አይደናገጥም። የማይመልስ ሰው ግን የአንድ ማሽን እስረኛ ነው።

ለዚህ የመንግሥት ሒሳብ ማሻሻያ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በተጀመረው ለውጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከነጠላ አመዘጋገብ ወደ ሁለቴ አመዘጋገብ ሲሸጋገሩ፣ የወረዳ ሒሳብ ሠራተኞች አዲሱን ዘዴ በወረቀት ላይም ተምረዋል። «አይቤክስ» የተባለው የበጀትና የወጪ ፕሮግራም በደረሰበት ቦታ ያንኑ ሥራ አፋጠነ። ባልደረሰበት ወረዳ ደግሞ መዝገቡ በእጅ ይያዝ ነበር። ዕውቀቱ በሰው ውስጥ ስለነበረ መብራት ሲጠፋ አብሮ አልጠፋም።

አንዳንድ ወገኖች «የሕክምና ተማሪ ከሒሳብ ምን አለው?» ይሉናል። ይህ አባባል የአገራችንን የጤና ተቋማት አሠራር ካለመመልከት የመጣ ነው። ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወዲህ፣ መጀመሪያ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች፣ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የሰበሰቡትን ገቢ አስቀርተው በቦርዳቸው ውሳኔ ለአገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉ ተፈቅዶላቸዋል። ነገ ከመካከላችን ብዙዎቹ በየወረዳው የሆስፒታል ኃላፊ ሆነን በክፍያ ሰነድ ላይ እንፈርማለን። ሪፖርት ማንበብ የማይችል ፈራሚ ወይ ይታለላል፣ ወይ ሳያውቅ ያታልላል። በመድኃኒት መግዣው ላይ የጎደለው ገንዘብም የበሽተኛ ሕይወት ነው።

ሌሎች ደግሞ «እህቶቻችን ጊዜም መሠረትም የላቸውም፣ ይህን ለተማረው እንተወው» ይላሉ። በእኛ እምነት ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይኸኛው ነው። ጥፋቱን ያገኘው ማን ነበር? መሠረቱ የነበራት የደብተሯ ባለቤት ነች፤ እኛ የነበረን ማሽኑ ብቻ ነው። ጊዜን በተመለከተም፣ ዮርዳኖስ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ቁጥር 90 ደንብ የቤት ሠራተኞች የሳምንት ዕረፍት ቀን እንዲኖራቸው ደንግጋለች። ይህ መብት በየቤቱ ሁሉ እንደማይከበር እናውቃለን። የሚከበርላቸው እህቶች ግን በዚያ ቀን የሚጠቅማቸውን ቢማሩ ማን ይከለክላል? አብዛኞቹ አገር ገብተው ሱቅ ወይም ምግብ ቤት የመክፈት ሐሳብ አላቸው። የሚያጋጥማቸውም ገበያ በደረሰኝና በመዝገብ የሚሠራ ነው። እዚህም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ጆፎታራ የተባለው የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ሥርዓት ግዴታ መሆኑን በዓይናችን እያየን ነው። ዓለም ወዴት እንደምታመራ ምልክቱ ግልጽ ነው።

ስለዚህ ለኅብረታችን የሚከተለውን እናቀርባለን።

1ኛ/ በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለተማሪዎችም ለእህቶችም ክፍት የሆነ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ይጀመር። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ኮምፒዩተር ሳይነካ በደብተርና በእርሳስ ይሁን። የቀድሞዋ ገንዘብ ያዥ ፈቃደኛ ከሆነች ከመምህራኑ አንዷ ትሁን።

2ኛ/ ትምህርቱ በአማርኛ ይሁን። ዴቢት፣ ክሬዲትና ሌጀር የለመድናቸው ቃላት ስለሆኑ እንዳሉ ይቆዩ። «ተሰብሳቢ ሒሳብ»፣ «ተከፋይ ሒሳብ»፣ «የሒሳብ መደብ» የሚባሉት ደግሞ አገር ቤት የሚሠራባቸው ስለሆኑ እንጠቀምባቸው።

3ኛ/ ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ይቀጥል። እያንዳንዱ ሠልጣኝ በወረቀት የሠራውን የአንድ ወር ሒሳብ በኮምፒዩተር ደግሞ ሠርቶ ሁለቱን ያስታርቅ። ልዩነት ከተገኘ ምክንያቱን ሳያውቅ አይለፍ።

4ኛ/ የማኅበሩ አባል ሁሉ የመለያ ቁጥር ይሰጠው፤ ምዝገባ በስም ብቻ መሆኑ ይቅር። በየሦስት ወሩ እያንዳንዷ አባል የራሷን ሒሳብ ከደረሰኟ ጋር አመሳክራ ትፈርም። መዝጋቢው፣ ገንዘብ ያዡና መርማሪው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። የመዝገቡ መጠባበቂያ ቅጂም በአንድ ኮምፒዩተር ብቻ አይቀመጥ።

የእህታችን 45 ዲናር ተመልሶላታል፤ በሰላም አገሯ ገብታለች። ደረሰኞቿን ጥላ ቢሆን ኖሮ ግን ገንዘቧም ስሟም ይጠፋ ነበር። እሷ እንደ ውሸታም፣ እኛ እንደ ምሁር ተቆጥረን እንለያይ ነበር። ይህ እንዳይደገም ማድረግ የሁላችንም ግዴታ ነው። በመጀመሪያው ዓርብ እኛ ሦስታችን ደብተርና እርሳስ ይዘን ከፊት ወንበር እንቀመጣለን። ውድ አንባቢ፣ አንተም ና፤ አንቺም ነይ።