«ማኬሬል ሁሉን ይነክሳል» ለሚሉ የተሰጠ ምላሽ

በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ፣ በተለይም በኮርንዎል፣ የማኬሬል ማጥመጃን በቤት ስለመሥራት ሲነሣ ብዙዎች የሚሰጡት ፍርድ ተመሳሳይ ነው፦ ዓሣው ሆዳም ነው፣ ያብረቀረቀውን ሁሉ ይነክሳል፤ ከሱቅ በርካሽ የሚገኘውን በእጅ መቋጠር ትርፉ ልፋት ነው።

መነሻው ልክ ነው። ማኬሬል በዓይኑ የሚያድን፣ ትናንሽ ዓሦችን የሚያሳድድ ፍጥረት ነውና መንጋው ከተነሣ መንጠቆ ላይ የታሰረ የዶሮ ላባ ይበቃዋል። ስለ ላባ ቀለም የሚደረገውን ማለቂያ የሌለው ሙግትም አልቀላቀልም፤ ቀይ ብርሃን ውኃ ውስጥ ቀድሞ ስለሚጠፋ ቀዩ ላባ ጠለቅ ሲል ጠቁሮ ነው የሚታየው። ጥፋቱ ያለው ከዚህ በተወሰደው ድምዳሜ ላይ ነው።

ሆዳምነቱ ራሱ ነው ጥንቃቄ የሚጠይቀው። ማኬሬል የአየር ከረጢት የለውም፤ መዋኘት ካቆመ ይሰምጣል። ስለዚህ ከተያዘም በኋላ አያርፍም፤ ወደ ጎን ይሮጣል፣ ይሽከረከራል። ሦስት አራቱ በአንድ ክር ላይ በየአቅጣጫው ሲጎትቱ ደግሞ ሁሉ ነገር የሚወሰነው በክሩ አሠራር ነው። መንጠቆ የሚንጠለጠልበት የጎን ክር 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ በሁለት የጎን ክሮች መካከል ያለው ርቀት ከ20 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት፤ አለዚያ የአንዱ መንጠቆ የሌላውን ይነካል። የጎን ክሩ ወፍራምና ደንዳና ቢሆን ከዋናው ክር ራቅ ብሎ ይቆማል፣ በቀላሉም አይጠመዘዝም። ክሩን የሚያሰምጠው የእርሳስ ክብደት ማሰሪያ ግን ከዋናው ክር የደከመ ይሁን፤ ድንጋይ ውስጥ ሲቀረቀር እርሳሱ ብቻ ይቀራል። የርካሹ ማጥመጃ አምራች ከእነዚህ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚጨነቅበት የለም፤ የሚሸጠው ላባውንና የመንጠቆውን ብዛት ነው።

ብዛቱን በተመለከተ «የኮርንዎል ባለሙያዎች በአንድ ክር ከሃያ መንጠቆ በላይ ያወርዱ የለ?» የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። ያወርዳሉ። ነገር ግን ክሩን የሚጠቀልል መሣሪያ ጀልባቸው ላይ አላቸው፣ በረዶም ይዘዋል። ከወደብ ግንብ ላይ ዘንግ ይዞ የቆመ ሰው ሁለቱም የሉትም። ስድስት ዓሣ በአንድ ጊዜ ሲወጣ መሬት ላይ ይንፈራገጣል፣ መንጠቆው ጣት ይወጋል፤ ከዚህም የሚብሰው ማኬሬል በሙቀት ከቆየ ሥጋው ውስጥ ሂስታሚን መከማቸቱ ነው። ያ ደግሞ ቢበስልም አይጠፋም። አጽድቶ ማቀዝቀዝ ከሚችለው በላይ የሚያወጣ ሰው የሚጥለውን ነው የሚያጠምደው። እ.ኤ.አ. በ2019 የሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ማኬሬል ከባሕር አስተዳደር ምክር ቤት (MSC) ያገኘው የዘላቂነት ማረጋገጫ መታገዱን ለሚያስታውስ አንባቢ፣ ይህ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። በእጁ የሚሠራ ሰው ሦስት መንጠቆ ላይ ማቆም ይችላል፤ የመንጠቆዎቹን ወደ ኋላ የዞረ እሾህም በጉጠት ደፍጥጦ ትንንሾቹን ሳይጎዳ መልሶ ይለቃል።

በወጪው ጉዳይ ግን ተቺዎቹ ትክክል ናቸው። መንጠቆ፣ ክርና ላባ በጥቂት በጥቂቱ የሚገዛ ሰው ከሱቁ ዋጋ ብዙም አይተርፈው። ሳንቲም የሚቆጥር ከሆነ ባለ ስድስት መንጠቆውን የሱቅ ማጥመጃ ገዝቶ መሐሉን በመቀስ ይቁረጠው፤ ሁለት ባለ ሦስት ማጥመጃ ያገኛል።