ማስክ የማያቆመው ጋዝ

በቀዶ ሕክምና ክፍል ሐኪሞች ሥጋ የሚቆርጡትና ደም የሚያቆሙት ብዙ ጊዜ በኤሌክትሪክ በሚሠራ መሣሪያ ነው። ሥጋ ሲቃጠል ይጨሳል፤ ጭሱ ውስጥ ደግሞ ፎርማልዲሃይድን የመሰሉ መርዛማ ነገሮች አሉ። ነርሶች ያንን ጭስ ለዓመታት ሲስቡ ኖረዋል። የሚያስሩት ተራ ማስክ በደንብ አያጣራውም። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም በ1996 ጭሱ ከቁስሉ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ በተያዘ ቱቦ ተስቦ እንዲወጣ መከረ። ይህን በሕግ በማስገደድ ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሮድ አይላንድ ስትሆን፣ ሕጉን ያወጣችው በ2018 ነው። ከምክሩ እስከ ሕጉ 22 ዓመት! ማኅበር ያላቸው፣ የተማሩ፣ ሐኪም አጠገባቸው የቆመ ሰዎች ይህን ያህል ከጠበቁ፣ ብቻዋን በሰው ቤት የምትሠራ ሴትማ ምን ያህል ትጠብቅ?

እህቴ፣ አንቺም እንዲህ ያለ ክፍል አለሽ። መስኮቱ የተዘጋው ሀማም ነው።

ክሎሮክስ፣ አገር ቤት በረኪና የምንለው፣ የሽንት ቤት እድፍ ከሚያስለቅቀው አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣል። በ1915 የጀርመን ጦር ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር አጠገብ በጠላት ወታደሮች ላይ የለቀቀው ይኸው ጋዝ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ይወርዳል። ተንበርክካ ወለል የምትፈትግ ሴት አፍንጫዋ ያለው እዚያው ጋዙ የተኛበት ቦታ ላይ ነው። ኮምጣጤም (ኸል) አሲድ ነው፤ ከክሎሮክስ ጋር አይደባለቅም። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ከክሎሮክስ ጋር ሲሆን ደግሞ ሌላ፣ እሱም ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል።

በአስተርጓሚነት ሐኪም ፊት ከእህቶች ጋር ስቀመጥ ደጋግሜ የምሰማው «ሁለቱን ስቀላቅለው ይበረታል ብዬ ነው» የሚል ነው። አይበረታም። ክሎሩ ጋዝ ሆኖ ስለሚተን የማጽዳት ኃይሉ ይቀንሳል። ቤቱ ካልሸተታት የጸዳ የማይመስላት ማዳምም ብዙ ናት፤ የምትወደው ሽታ ግን ከጠርሙሱ አምልጦ ወደ ሠራተኛዋ ደረት የሚገባው ነው።

ማስክ አድርጌያለሁ አትበይ። ተራ ማስክ ጠብታ ይከላከላል እንጂ ጋዝ አያግድም። ወተት መጠጣትም አይረዳም፤ ወተቱ የሚሄደው ሆድ ውስጥ ነው፣ ጋዙ ያለው ሳንባ ውስጥ። የነርሶቹ መፍትሔ ጭሱን ከመነሻው መያዝ ነበር፤ የኛም እንደዚያው ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ማጽጃ ብቻ ተጠቀሚ፣ ሁለተኛውን ከማፍሰስሽ በፊት የመጀመሪያውን በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ አጥቢው፣ በርና መስኮት ክፈቺ፣ የአየር ማውጫው ማራገቢያ ካለ አብሪው። ማጽጃን ወደ ሌላ ጠርሙስ አትገልብጪ። ጠርሙሱ ላይ «ተሕዚር» የሚል ካየሽ ማስጠንቀቂያ ነው፤ «ላ ዩኽለጥ» ማለት አይደባለቅም ማለት ነው። በየሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ፣ ጠርሙሱን በየቀኑ የምትይዘው ሴት በምታነበው ቋንቋ አለመጻፋቸው ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ማዳም «ደባልቂ» ብትልሽስ? እዚህ ላይ ነገሩ የጽዳት ምክር ብቻ መሆኑ ያበቃል። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ (ቁጥር 68፣ 2015) አሠሪው ሠራተኛዋን ጤናዋን በሚጎዳ አደገኛ ሥራ ላይ እንዳያሰማራ ይከለክላል። የኳታሩም (ቁጥር 15፣ 2017) ሕይወቷንና ጤናዋን ለአደጋ እንዳያጋልጥ ያዝዛል። ሁለቱም የተጻፉት በጥሩ ዐረብኛ ነው። ነገር ግን ወረቀቱ የሀማሙን በር አንኳኩቶ አይገባም፤ ተቆጣጣሪም እዚያ ድረስ ሲመጣ አላየሁም። የነርሷ ክፍል ሆስፒታል ስለሆነ ይፈተሻል፤ ያንቺ የሥራ ቦታ የሰው መኖሪያ ስለሆነ ይታለፋል። መለወጥ ያለበት ይህ ነው፤ ሠራተኛ ሲቀጠር የማጽጃ አጠቃቀም መመሪያ በቋንቋዋ ለእሷም ለማዳሟም መሰጠት አለበት። እስከዚያው ግን በትሕትናና በግልጽ «ማዳም፣ ሀዳ መዓ ሀዳ ኸጠር» በያት፤ ይህ ከዚህ ጋር አደጋ ነው ማለት ነው። ልጆችሽም እዚሁ ቤት ይተነፍሳሉ ብለሽ ብትጨምሪ ቶሎ የምትሰማ ይመስለኛል።

ተደባልቆ ከሆነና ዓይንሽን ካቃጠለሽ፣ ካሳለሽ ወይም ደረትሽ ከጠበበ፣ ሥራውን ልጨርስ አትበይ። ሌላ ነገርም አትድፊበት። ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ውጪ፣ ልጆቹንም አርቂ። ሕመሙ ቀለል ቢልሽም ተጠንቀቂ፤ ሳንባ ውኃ የሚቋጥረው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ትንፋሽ ካጠረሽ «ማ አግደር አተነፈስ» በይ፣ መተንፈስ አልቻልኩም ማለት ነው። አምቡላንስ በሳዑዲ 997፣ በኤምሬትስ 998፣ በኩዌት 112፣ በኳታርና በባሕሬን 999፣ በኦማን 9999 ነው። ሐኪሙ ዘንድ ስትደርሺ «ሸመይት ክሎር»፣ ክሎር ስቤአለሁ በይ፤ የሁለቱን ጠርሙሶች ፎቶ በስልክሽ አሳዪው።